ግድግዳው እስኪደርቅ

ጋሽ ውሃልክ ከእግዚአብሔር ጋር የተኳረፉት ሚስታቸውን ቀብረው በተመለሱበት ቀን ነው። ካዱ እያሉ የሚያሟቸው ሰዎች ነበሩ፤ ሐሜት ነው፣ አልካዱም። ራሳቸው ሲጠየቁ፣ «የለም መች አልኩ? አለ እንጂ። እሱም እዚያ አለ፣ እኔም እዚህ አለሁ። ግን አንነጋገርም» ይሉ ነበር፣ አጥር ስለገፋበት ጎረቤቱ እንደሚያወራ ሰው።

ውሃልክ እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። ግድግዳ ለሳኝ ነበሩ፤ ስሙን የሰጧቸው አብረዋቸው የሠሩ ግንበኞች ናቸው። አንድ ግድግዳ ፊት ቆመው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው «ወደ ግራ አዘንብሏል» ካሉ በቃ አዘንብሏል፤ የግድግዳ መለኪያው ውሃ ልክ ሲቀመጥበትም ያንኑ ይናገራል። አንደበታቸውም እንደ ዓይናቸው ነበር። አራስ ሊጠይቁ ገብተው ሰው ሁሉ «እንዴት ያምራል!» እያለ ሲያደንቅ፣ እሳቸው ሕፃኑን ልብ ብለው ያዩና «ጤነኛ ነው» ይላሉ። ሰው ለዚህ ያከብራቸዋል፤ ድግስ ላይ ግን አጠገባቸው መቀመጥ የሚወድ አልነበረም።

ሙያቸውን የወረሰችው አንዲት ልጃቸው ናት። በልጅነቷ ፀጉሯ አልተኛ እያለ ሲያስቸግር «ብሩሽ» ብለው ጠሯት፤ አድጋ ቀለም መቀባት ስትጀምር ስሙ ጭራሽ ላይለቃት ተጣበቀ። መጀመሪያ እሳቸው እየለሰኑ እሷ ትቀባ ነበር፤ በኋላ ልስኑም ቀለሙም የእሷ ሆነ። ሲያስተምሯት እስኪሰለቻት ድረስ የደጋገሙላት አንድ ነገር ነው፤ እርጥብ ግድግዳ ላይ ቀለም አይቀባም። ከተቀባ ውሎ ሲያድር ያብጣል፣ ይላጣል፣ ሠሪውንም ያሰድባል።

«መዳፍሽን አትመኚው፤ መዳፍ ሥራ ያደነደነው ነው፣ አይሰማም» ይሏት ነበር። «በእጅሽ ጀርባ ንኪው። ከቀዘቀዘሽ ገና ነው። ባለቤቱ ደርቋል ቢልሽ፣ መሐንዲሱ ደርቋል ቢልሽ፣ እኔ ራሴ ደርቋል ብልሽ እንኳ በራስሽ እጅ ሳትነኪ እሺ እንዳትዪ።»

ብሩሽ ይህን ትምህርት በጭንቅላቷ ሳይሆን በእጇ ነው የያዘችው። አላፊ አግዳሚ ሆና እንኳ አዲስ የተለሰነ ግድግዳ ካየች እጇ ቀድሟት ሄዶ ይነካል። የጸሎት ቤታቸው አዳራሽ በተለሰነ ሰሞን፣ በዝማሬው መሐል እጇን ገልብጣ ግድግዳ ስትነካ አይተው የሳቁባት ሰዎች አሉ።

አዎ፣ እሷ ጸሎት ቤቱን አልተወችም። የተዉት አባቷ ናቸው፤ ምክንያትም ነበራቸው። እናቷ አልጋ ላይ በዋለችበት ጊዜ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች እየመጡ ይጸልዩ ነበር፤ ደግ ሰዎች ናቸው፣ የሚጎዳ ነገር አልሠሩም። ነገር ግን ሲወጡ በራፉ ላይ ቆመው ሁልጊዜ ያችኑ ይናገራሉ፦ «የእግዚአብሔር ጊዜ አይዘገይም፤ ብቻ ጠብቁ።» ጋሽ ውሃልክ ደግሞ የተነገራቸውን ነገር እንደተነገረ የሚይዙ ሰው ናቸው። ጠብቁ ሲባሉ ጠበቁ። ለሚስታቸው ስትነሣ የምታደርገው አዲስ ጫማ ገዙላት። ጎረቤት «እንዴት ናት?» ሲላቸው «ልትነሣ ነው» ይሉ ነበር፤ አብረዋቸው የሚሠሩት ሰዎች ለነገሩ ተሳቅቀው መጠየቅ እስኪተዉ ድረስ። ጫማው ከሳጥኑ ሳይወጣ ሴትዮዋ ሞተች።

ከዚያ ወዲህ «ጠብቅ» የምትለዋን ቃል ከአፋቸው የሰማ የለም፤ ሌላ ሰው ሲላትም አይወዱም። የሱቅ ሻጭ «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» ካላቸው ዕቃውን ትተው ይወጣሉ። ብሩሽ ይህን ስለምታውቅ አፏን ትጠነቀቅ ነበር።

በልቧ ግን የምትጠብቀው እሷ ነበረች። የምትለምነውም አንድ ነገር ነው፤ አባቷ ከመሞታቸው በፊት ከእግዚአብሔር ጋር እንዲታረቁ። ትልቅ ጸሎት ከእሳቸው አትጠብቅም፤ አባቷን ታውቃለች። እሷ ትጸልይና እሳቸው በመጨረሻው አሜን እንዲሉ ብቻ ነበር የምትለምነው። አንድ ቃል። ዓመት በዓመት ላይ እየተደረበ ሄደ፤ ልመናዋም ከእግዚአብሔር ዘንድ መልስ ሳያገኝ ቆየ። ተስፋ አልቆረጠችም ማለት ግን አልከፋትም ማለት አይደለም። አንዳንድ ቀን ተንበርክካ ምንም ሳትል የምትነሣበት ጊዜ ነበር።

ዕድሜ ልካቸውን የማጉት የሲሚንቶና የኖራ ብናኝ በመጨረሻ የጋሽ ውሃልክን ሳንባ ያዘ። ሐኪሙ አገላብጦ አይቷቸው ሲያበቃ ብሩሽን ወደ ጎን ጠርቶ «ቤታቸው ይሁኑ» አላት፤ ከዚያ በላይ ምን ይበል? እህታቸው፣ የብሩሽ አክስት፣ ሊያስታምሟቸው ጓዛቸውን ጠቅልለው መጡ። አክስቷ አልቃሽም ተቆጪም የሆኑ ሴት ናቸው፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይችሉበታል።

የጋሽ ውሃልክ አልጋ የተዘረጋው ከኋለኛው ክፍል ግድግዳ ጥግ ነበር። ከውጭ ያለው አሸንዳ ተቀዶ የዝናቡ ውሃ በግድግዳው ላይ ስለሚወርድ፣ በውስጥ በኩል ልስኑ ጠቁሮ ሻግቷል። ጤነኛ እያሉ ወደዚያ ዞረው አይተው አያውቁም፤ የሰው ቤት ሲያሳምሩ የራሳቸው ተረስቶ ነበር። አሁን ግን ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊታቸው ነው።

«ብሩሽ፣ ይሄን ግድግዳ አየሽልኝ?»

«አይቼዋለሁ አባባ።»

«ሰው ለለቅሶ ሲመጣ ምን ይላል? የሰው ግድግዳ ሲያሳምር ኖሮ ሻጋታ ሥር ሞተ አይልም?»

«አሁን ለቅሶን ምን አመጣው?»

«ታዲያ ምን የሚመጣ መስሎሽ ነው፣ ሰርግ?»

አክስቷ ከበሩ ላይ ሆነው፣ «ወይ አንተ ሰው! ይህን አፍህን እንኳ በሽታው ቢይዝልን ምናለ!» ብለው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ብሩሽ ሥራዋን አቋርጣ ቤት ዋለች። አባቷን ወደ ፊተኛው ክፍል አዛውራ፣ አሸንዳውን ደፍና፣ የተበላሸውን ልስን እስከ ድንጋዩ ፈነቀለችው። ከዚያ አዲስ ልስን መታች። ብናኙ እንደጠፋ ጋሽ ውሃልክ «ወደ አልጋዬ መልሱኝ» አሉ። አክስቷ እርጥቡ ይጎዳዋል ብለው ጮኹ፤ እሳቸው ግን «ከዚህ በላይ የሚጎዳኝ ነገር ካለ እስቲ ይምጣ ልየው» ብለው ተመለሱ። ተኝተውም ልስኑን ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው ሄዱበት።

«ጎበዝ» አሏት። ከአፋቸው ይህ ቃል በወጣ ቁጥር ትደነግጣለች፤ ስለማይወጣ።

ብሩሽ ይህን ሰዓት ተጠቀመችበት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ «አባባ፣ አንድ ነገር ልለምንህ» አለች።

«አሜን ነዋ፣ የለመድሽው።»

«አንድ ጊዜ ብቻ። እኔ እጸልያለሁ፣ አንተ አሜን በል።»

አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። የተቆጡ መስሏት ልትነሣ ስትል፣ «ይድረቅና» አሉ።

«ምኑ?»

«ግድግዳው ነዋ። ደርቆ ልትቀቢው ስትነሺ፣ ያን ጊዜ ጸልዪ። እኔ አሜን እላለሁ።»

«እየቀለድክብኝ ነው?»

«በግድግዳ ቀልጄ አውቃለሁ?» አሉና ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩ። «አሁን አሜን ብል ፈርቼ ነው የሚመስለው። የተኳረፈ ሰው የሚታረቀው በቀጠሮ ነው። ቀጠሮ ይኑረን።»

ብሩሽ ወደ ጓሮ ወጥታ፣ አሸዋው አጠገብ ቆማ፣ እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ስንት ዘመን የለመነችው ነገር ቀን ተቆርጦለት ነበር። ፀሐይ ከወጣ ልስኑ ሳይቆይ ይደርቃል፤ አባቷም እስከዚያ ይቆያሉ ብላ አመነች።

ዝናቡ የጀመረው በማግስቱ ነው። ጠዋት ያካፋል፣ ከምሳ በኋላ ይወርዳል፣ ሲመሽ ደግሞ የተረሳ ነገር እንዳለው ሰው ይመለሳል። ልብስ በሽቦ ላይ ተሰጥቶ ይሸታል እንጂ አይደርቅም። ልስኑ እንደጠቆረ ቀረ። ብሩሽ ወደ ክፍሉ በገባች ቁጥር የእጇን ጀርባ ታስነካለች፤ ቀዝቃዛ ነው። አባቷ ከአልጋው ሆነው ያዩዋታል።

«እሺ፣ ምን አለሽ?»

«ገና ነው።»

«ገና ነው» ይላሉ እሳቸውም፣ በሥራ ቦታ እንደሚያደርጉት።

አክስቷ ከሰል አያይዘን እናድርቀው ሲሉ ብሩሽ ልቧ ተነሣ፤ እውነቱን ለመናገር ከሰሉንም አውጥታ ነበር። ግን ለአባቷ ሳንባ ጭስ መርዝ ነው፤ ደግሞም በእሳት የተጣደፈ ልስን ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይሆንና ይሰነጠቃል። ከሰሉን ወደ ቦታው መለሰች። ከዚያ በኋላ የቀራት ጸሎት ነበር፤ ጸሎቷም ተበላሸባት። ስለ አባቷ ነፍስ ስትጀምር ስለ ፀሐይ ትጨርሳለች። «አንድ ቀን ብቻ» ትላለች፤ «አንድ ሙሉ ቀን ፀሐይ። ከግምጃ ቤትህ ምን ይጎድልብሃል?» እንዲህ ብላ ለእግዚአብሔር ተናግራ አታውቅም ነበር፤ ከተናገረች በኋላ ፈራች፣ ግን አልመለሰችውም።

ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል የጸሎት ቤቱ መጋቢ መጡ፤ ከቀድሞዎቹ ሽማግሌዎች መካከል አይደሉም፣ በቅርብ የተሾሙ ገና ወጣት ሰው ናቸው። ጫማቸውን በራፉ ላይ አራግፈው ገብተው፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ብሩሽ እሳቸውም «ጠብቁ» እንዳይሉ ፈርታ በራፉ ላይ ቆመች።

«መጋቢ» አሉ ጋሽ ውሃልክ ገና ሳይጠየቁ። «የእግዚአብሔር ጊዜ አይዘገይም ይባላል። በባለቤቴ ጊዜ ዘግይቷል ወይስ ሰዓት የማላውቀው እኔ ነኝ?»

መጋቢው ወንበራቸውን ወደ አልጋው አስጠጉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ይሰማል። «አላውቅም» አሉ። «እኔም እናቴን የቀበርኩት እየጸለይኩ ነው።»

ከዚያ በኋላ ስለ እምነት አንድ ነገር ሳይናገሩ የጋሽ ውሃልክን እጅ ይዘው ቆዩ። ሲወጡ ጋሽ ውሃልክ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ይሄኛው ይሻላል። ቢያንስ አላውቅም ማለት ያውቃል» አሉ። ብሩሽ ከዚያ ቀን የሚበልጥ ተስፋ ያደረገችበት ቀን የለም።

ከዚያ ወዲያ ግን አባቷ በፍጥነት ደከሙ። ሾርባው በማንኪያ ሲሰጣቸው የሚወርደው ከሚፈሰው ያንሳል። ንግግራቸው ባጭር ባጭሩ ሆነ። የእግራቸው ጣት ሲቀዘቅዝ አክስቷ ሌላ ካልሲ ደረቡላቸው፤ ከዚያ ወደ ማጀት ገብተው ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ፤ ድምፅ ሳያሰሙ ሲያለቅሱ ብሩሽ ያየቻቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ብሩሽ በአባቷ ራስጌ ትራስ እያስተካከለች ሳለ፣ ጋሽ ውሃልክ ቀኝ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡ። ገልብጠው ጀርባውን ወደ ግድግዳው ሰደዱት፤ አስነክተው ያዙት። ብዙ ቆዩ። ዓይናቸው እሷ ላይ ነበር።

«ደርቋል» አሉ።

አሁን የሆነውን ብሩሽ ዕድሜዋን ሙሉ ስታስበው ትኖራለች። አላሰበችም። ምንም አላሰበችም። እጇ ቀድሟት ሄዶ ከአባቷ እጅ ዝቅ ብሎ ግድግዳውን ነካ፤ ግድግዳው ቀዘቀዛት፤ አፏም በሥራ ቦታ ሺህ ጊዜ እንደተናገረው ተናገረ።

«አይ አባባ፣ አልደረቀም። ከታች በኩል ገና ነው።»

ጋሽ ውሃልክ አዩዋት። ፊታቸው ላይ መጀመሪያ አንድ የመደንገጥ ነገር፣ ቀጥሎ ሳቅ መጣ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፣ ሳሉም አላቆም አለ። ብሩሽ ደግፋ አቀናቻቸው። ሲረጋላቸው ራሳቸውን ትራሱ ላይ ጣሉና፣ «ያስተማርኩሽ እኔው ነኝ» አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ ዓይናቸውን ከድነው፣ «እንግዲያው እንጠብቃ» አሉ።

ብሩሽ ሾርባውን ልታሞቅ ወደ ማጀት ሄደች። ድስቱን ጥዳ፣ ማንኪያ አንሥታ፣ ማማሰል ጀመረች። ነገሩ የገባት እዚያ ነው። በግድግዳ ዋሽተው የማያውቁ ሰው ስለ እሷ ብለው ዋሹ። ቀጠሮውን ለእሷ ብለው አቀረቡት፤ ጊዜ እንደሌላቸው ስላወቁ አሜኑን በእጇ ሊያስቀምጡላት ዘረጉ፤ እሷ ደግሞ ገና ነው ብላ መለሰችላቸው። ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። እየሮጠች ስትመለስ አባቷ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ይነቁ ይሆናል እያለች አጠገባቸው ዋለች፣ አደረች። አልነቁም። ጠዋት ትንፋሻቸው መራራቅ ሲጀምር ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብላ፣ «ደርቋል አባባ። ተሳስቼ ነው። ደርቋል፣ ደርቋል» አለች። ጸሎቱን ልትጀምር ስትል አፏ እንደገና ያንኑ «ደርቋል» አለ። አክስቷ ከበስተኋላ ትከሻዋን ይዘው ነበር። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጋሽ ውሃልክ ሞቱ።

ቀብሩ በዝናብ ሆነ። መጋቢው በመቃብሩ ላይ ባጭሩ ጸለዩ፤ ስለ ጊዜ አንዳች አልተናገሩም፣ ብሩሽም ስለዚህ አመሰገነቻቸው። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ አክስቷ ወንበሮቹን እየደረደሩ፣ ሲፈሩት የቆዩትን ጥያቄ ጠየቁ።

«አሜን አለልሽ?»

ብሩሽ ሁሉንም ነገረቻቸው። አክስቷ የያዙትን ወንበር ጥለው ደረታቸውን መቱ።

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ! ዝም ብትዪውስ? እሺ ብትዪው ምናለበት? ግድግዳ ነው እንጂ ሌላ ምን ነው!»

«አላውቅም እትዬ። እጄ ነው።»

«እጅሽ ይቆ...» ብለው ጀመሩና አፋቸውን ያዙ። መጥተው አቀፏት። ሁለቱም እዚያው፣ ባልተደረደሩት ወንበሮች መሐል፣ እስኪበቃቸው አለቀሱ።

ከለቅሶው በኋላ ብሩሽ አንዲት ነገር ይዛ ታመነዥግ ጀመር። አባቷ «እንጠብቃ» ብለዋል። ያችን የማይወዷትን ቃል በራሳቸው አፍ። «እሱ እየቀለደ ነው እንጂ» አሉ አክስቷ ስትጠይቃቸው። ቀልድ ሊሆን ይችላል፤ አባቷ ሞትም አጠገባቸው ቆሞ ይቀልዱ ነበር። ግን ደግሞ ጠብቂ አላሏትም፤ ራሳቸውን ጨምረው ነው የተናገሩት። ማንን ነው እንጠብቅ ያሉት፣ ግድግዳውን ወይስ እግዚአብሔርን? ብሩሽ አንዱን ይዛ ማደር አልቻለችም። አንዳንድ ቀን ታርቀዋል ብላ ትጽናናለች፤ በማግስቱ በራሷ ሞኝነት እንዳስቀረችባቸው እያሰበች ምግብ አይወርድላትም። እግዚአብሔርንም ተቀይማው ነበር። የዝናቡ ባለቤት ማን ሆነና? ሆኖም ቅያሜዋን ይዛ የምትሄደው ወደ እሱው ነበር፤ ሌላ የሚሰማት አልነበራትም።

ፀሐይዋ የወጣችው ሰው ተስፋ ከቆረጠባት በኋላ ነው። ወጣች ደግሞ እንዲያው ያለ ኀፍረት፣ ቀኑን ሙሉ። በማግስቱም ደገመች፣ በሠልስቱም። ብሩሽ ወደ ኋለኛው ክፍል ለመግባት እግሯ እምቢ ብሏት ቆይቶ ነበር። በመጨረሻ አንድ ጠዋት የቀለሙን ቆርቆሮ ይዛ ገባች። አልጋው ተነሥቷል። ልስኑ ከዳር እስከ ዳር ነጣ ብሏል። የእጇን ጀርባ አስነካችው፤ ከላይ፣ ከመሐል፣ ዝቅ ብላም ከታች። የትም አልቀዘቀዛትም።

ወንበር ስባ አልጋው በነበረበት ቦታ ተቀመጠች። ቀጠሮ ቀጠሮ ነው። ዓይኗን ከደነች።

«ጌታ ሆይ፣ ደርቋል» አለች። «ዘግይተሃል ልልህ ነው የመጣሁት። ተቆጥቼሃለሁ፤ አንተም ታውቀዋለህ። አባቴን ግን ተቀበለው። ኩርፊያውን አትያዝበት፤ እንደ ሕፃን አምኖ ጠብቆህ ነበር። የእኔን ሞኝነትም በእሱ ላይ አትቁጠርበት። ለምን እንዲህ እንዳደረግህ አልገባኝም። እስኪገባኝ ድረስ የትም አልሄድም።»

እዚህ ላይ ቆመች። የቀረው አሜን ብቻ ነበር። እሱ ግን የአባቷ ድርሻ ነበር፤ የተዋዋሉት እንደዚያ ነው። በወዲያኛው ክፍል አክስቷ ሳህን ያጥባሉ፤ ውጭ መንገድ ላይ ሰው ሰው ይጠራል። ብዙ ጠበቀች። ከዚያ ተነሥታ የቀለሙን ክዳን ከፈተች፤ አሜኑን አላለችም።